ወፏ እንደዚያ አላለችም

«ተረት ተረት!»

«ይወራ በምሽት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እስቲ ጎረቤት እስኪሰማ ደግማችሁ በሉ። «ተረት ተረት!»

«ይወራ በምሽት!»

እንደሱ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ የዛሬው ተረት አያስቅምና ሳቅህን ከወዲሁ ጨርስ።

በድሮ ዘመን ሾላ አምባ የምትባል ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አባቷ መሪጌታ ነበሩ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ፊደሉንም፣ ዳዊቱንም፣ ቅኔውንም ለእሷ አስተማሯት። ሴት ልጅ ቅኔ ተማረች ተብሎ አገር አፉን ያዘ። እሷ ግን ዓይን አፋር ነበረች። ሰው ፊት ስትቆም ነጠላዋ እስከ ዓይኗ ይወጣል። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አያልፍም። ገበያ ወርዳ ጨው ስትገዛ እንኳ በጣቷ ጠቁማ ነበር። ነጋዴዎቹም፦ «የመሪጌታ ልጅ፣ ትምህርቱ ምላስሽን በላው እንዴ?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ባሏ መርዕድ ይባላል። መርዕድ ቁመናው ያማረ ነበር። ድምፁም እንደ ነጋሪት ነበር። ግን ልጆቼ፣ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለት ቃል ያገናኝና ሦስተኛው ይጠፋበታል። ሠርግ ላይ «መርቅ» ሲሉት «እ... እ...» ይልና ጠጁን አንሥቶ ይጠጣል።

አንድ ዓመት የከተማዋ ሹም ሞቱ። የሾላ አምባ ሰው ሹሙን ራሱ ነበር የሚመርጠው። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ይሰበሰባል። መሾም የሚፈልግ ይነሣና ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ንግግሩ ልቡን የነካው ሰው ሄዶ ከጀርባው ይቆማል። ከጀርባው ብዙ ሰው የቆመለት ይሾማል። ወጉ ይህ ነበር።

መርዕድ ሹመቱን ፈለገ። ፈለገና ሚስቱ ጎን ቁጭ አለ።

እንዲህም አላት፦ «አንጓች፣ እኔ ድምፅ አለኝ። አንቺ ደግሞ ቃል አለሽ።»

እሷም፦ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ እንጂ! አንቺ እቤትሽ ሆነሽ ታዘጋጂዋለሽ፤ እኔ አደባባይ ወጥቼ እለዋለሁ። አፍሽን ሳትከፍቺ አገር ይሰማሻል። ምን ትፈልጊያለሽ ከዚህ በላይ?»

ይቺ ነገር ልቧ ገባች። እውነቱን ነበራ! በልቧ ስንት ነገር ታጭቆ ነበር። ስለ ምንጩ፣ ስለ ድሃው፣ ስለ ፍርዱ። ለማን ትንገረው? ከዚያም ቃሉን ሰደረችለትና እሱ እንደ ቆሎ ተማሪ እየደጋገመ በቃሉ ያዘው። አንድ ችግር ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋን ቃል ሰው ካልሰጠው አይነሣለትም። ከሰጡት ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ስለዚህ ጉባኤ በተጠራ ቁጥር አንጓች ነጠላዋን ተከናንባ ከአጠገቡ ትቆም ጀመር። እሱ ሊናገር ሲል ዞር ብሎ ያያታል። እሷም ቃሏን ሹክ ትለዋለች።

ሰው ይህን አይቶ ምን አለ መሰላችሁ? «ምን ያለ ፍቅር ነው! ሚስቱን ሳያይ አይናገርም!» አለ። ሴቶቹማ ባሎቻቸውን፦ «አንተ መቼ ነው እንደ መርዕድ የምታየኝ?» እያሉ ያስጨንቁ ገቡ።

በምርጫው ቀን መጀመሪያ የተነሣው ጓንጉል የሚባል ሀብታም ነጋዴ ነበር። እሱም፦ «እኔን ብትሾሙ ገበያው ይደምቃል» አለና ተቀመጠ። ከጀርባው አሽከሮቹ ብቻ ቆሙ። ከዚያም መርዕድ ተነሣ። ሚስቱን አያት። ቃሏንም ተቀበለና እንዲህ አለ፦

«የሾላ አምባ ሰዎች! ይህ ጎተራ የማን ነው? የባልቴቷ ነው። የወላዷ ነው። ገና ላልተወለደው ልጅ ነው። ከዚህ ጎተራ አንዲት ፍሬ የሚሰርቅ ሰው፣ ከሕፃን አፍ ጡት ነጠቀ!»

ሴቶቹ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋርካው ሥር የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ ከመርዕድ ጀርባ ሄደ። አንጓችም በነጠላዋ ውስጥ ሆና አለቀሰች። ቃሏን አገር ሰማዋ!

ጎተራው የተባለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሾላ አምባ እህል በተወቃ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት ከእህሉ ቆንጥሮ ለከተማዋ ጎተራ ይሰጥ ነበር። ለክፉ ቀን ነው። አፉ በእበት ይመረግና ክፉ ቀን ካልመጣ አይነካም። በዓመት አንድ ጊዜ በመስከረም ብቻ ይከፈታል። ሹሙ እጁን ይከትና አንድ እፍኝ አውጥቶ ለሕዝቡ ያሳያል። ሕዝቡም እልል ይልና መልሶ ይመረጋል። ጠባቂው አያ ጫኔ ይባላል። ሚስቱ ሞታበት እናኑ ከምትባል ትንሽ ልጁ ጋር ከጎተራው ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር።

መርዕድ መጀመሪያ መልካም ሠራ። ምንጩን አስጠረገ። ባልቴቶች የተቀሙትን መሬት አስመለሰ። ከዚያም አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ የማር ገንቦ ይዞ በጓሮ መጣ።

አንጓች ጠየቀችው፦ «ይህ ከየት ነው?»

«ሰው ወዶኝ ነዋ! የወደደኝን ሰው ማሩን ልድፋበት?»

ማሩ ጣፋጭ ነበር። እሷም በላች። ከማሩ በኋላ ኩታ መጣ። ከኩታው በኋላ ሰንጋ መጣ። ከዚያም ጓንጉል የተጫነች በቅሎ ከነጌጧ ይዞ መጣ። መርዕድም በቅሎዋን ተቀበለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉዳይ ያለው ሰው የፊቱን በር ረሳውና በጓሮ ብቻ ይገባ ጀመር። ድሃው ግን የሚያመጣው ስለሌለው ከፊት በር ላይ ቆሞ ይውላል። አንጓች ያን እያየች፣ ለጉባኤው ስለ ድሃ የሚያስለቅስ ቃል ታዘጋጃለች። መርዕድም ያን እየተናገረ ያስለቅሳል።

አንድ ቀን መርዕድ አያ ጫኔን ከነልጁ ራቅ ወዳለ አገር ላከው። እሱ ራሱ ጎተራውን ሊያይ ወረደና ምሳውን ረሳ። አንጓች ምሳውን ይዛለት ሄደች። ስትደርስ የጎተራው አፍ ተከፍቷል። የጓንጉል በቅሎዎች ማሽላ ተጭነው ቆመዋል። የማታውቃቸው ሰዎች ጎተራው ውስጥ ገለባ ይጠቀጥቃሉ። ከላይ ስስ አድርገው ማሽላ አለበሱት። ልክ አንድ እጅ እስከ ክርን እስኪገባ ድረስ።

መርዕድ አያትና መጣ።

«ምን አየሽ?»

«ገለባ።»

«ምንም አላየሽም።»

«ክፉ ቀን ቢመጣስ?»

«የትኛው ክፉ ቀን? ዝናቡ መቼ ቀርቶብን ያውቃል? በመኸር እተካዋለሁ።»

«ለአያ ጫኔ እነግረዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ግን አልወጣም ማለት ይቻላል።

መርዕድ ሳቀ። ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲህ አላት፦ «ንገሪው። ስትነግሪ ግን ጨርሰሽ ንገሪ። ‹ከጎተራው የሚሰርቅ ከሕፃን አፍ ጡት ነጠቀ› ያልኩት የማን ቃል ነበር? ዋርካው ሥር የተሾመው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? አብረን ወጥተናል የእኔ እመቤት፤ አንዳችን ብቻ አንወርድም።»

አንጓች ምሳውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተመለሰች። በመስከረም ጎተራው ተከፈተ። መርዕድ ሊናገር ሲል ዞር ብሎ አያት። እሷም የመጀመሪያዋን ቃል ሰጠችው። አዎ፣ ሰጠችው ልጆቼ! እሱም እጁን ከትቶ ማሽላውን ለሕዝቡ አሳየ። ሕዝቡም እልል አለ። ከሁሉ አብልጦ እልል ያለው አያ ጫኔ ነበር። ጠባቂው እሱ ነዋ!

ከዚያ መስከረም ወዲህ ማሽላውን የሚያደርሰው ዝናብ ቀረ። ደመናው ይመጣል፤ ያጉረመርማል፤ ያልፋል። እህሉ ሳያፈራ ደረቀ። በጋው እንደምንም አለፈና ክረምቱ ሲመለስ በየቤቱ የሚበላ አልነበረም። ሰው ወደ መርዕድ ደጅ ሄዶ፦ «ጎተራውን ክፈትልን» አለው። መርዕድም፦ «ገና ነው። ከዚህ የባሰ ቀን ይመጣል» አለው። እህሉን ግን አልተካም ነበር። የሚተካበት መኸር ከየት ይምጣ?

በሐምሌ የአያ ጫኔ ልጅ እናኑ ሆዷ አብጦ እግሯ ቀጠነ። ጎረቤት አያ ጫኔን፦ «አንተ ሰው፣ ጎተራው ላይ ተኝተህ ልጅህ ትሙት? አንዲት እፍኝ ውሰድላት!» አለው። እሱ ግን፦ «የሰው ሁሉ ልጅ እየራበው እንዴት የእኔን ብቻ ላብላ? ሹሙ ሲያዝ አብረን እንበላለን» አለ። እናኑም ገለባ ከሞላው ጎተራ ደጅ ላይ ሞተች። አንጓች በቀብሩ ቆማ ነበር። እናቶች ሲያለቅሱ እሷ እንባ አልወጣትም።

በነሐሴ ሕዝቡ መታገሥ አቃተውና ራሱ ሄዶ ጎተራውን ሰበረ። ማሽላው ተዛቀ። ከሥሩ ገለባ ወጣ። ሌላም ሲዛቅ ገለባ። አንዲት ሴት ገለባውን በእጇ ይዛ፦ «ይህን ነው እልል ስንል የከረምነው?» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

መርዕድ ሮጦ ደረሰና ጣቱን ወደ አያ ጫኔ ቀሰረ። «ደጁ ላይ ማን ነበር የሚተኛው? ማን?» አለ። ሕዝቡ አያ ጫኔን ይዞ አሰረው። ያን ጊዜ አንዲት ጥርሳቸው ያለቀ ባልቴት፦ «ቆይ ቆይ! እሱ ሰርቆ ቢሆን ልጁ በረሃብ ትሞት ነበር? እናንተ ረሃብ ጭንቅላታችሁ ውስጥም ገባ እንዴ?» አሉ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። መርዕድም ነገሩ አላማረውምና፦ «እንግዲያው አውጫጭኝ ይቀመጥ!» ብሎ ጮኸ።

አውጫጭኝ ታውቃላችሁ? እናንተ የት ታውቃላችሁ! ሌባ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሹሙም ድሃውም፣ በእሾህ በታጠረ ሜዳ ይገባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም አይወጣም። አይበላም፤ አይጠጣም። ሽማግሌው ከሰው መካከል በስውር ሰዎችን ይመርጣሉ። እነዚያ «ወፍ» ይባላሉ። ወፍ የሆነ ሰው ተሸፍኖ ወደ ሽማግሌው ዳስ ይገባና ያየውን ይናገራል። ሽማግሌው ወጥተው፦ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይነገርም። ሽማግሌው ካሉት ግን ይግባኝ የለም። የሌባው ቀኝ እጅ ይቆረጣል።

ሽማግሌው አባ ዘለቀ ነበሩ። መርዕድ ሄዶ በጆሯቸው፦ «ሚስቴን ወፍ ያድርጓት። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት ሲወጣት የሰማ የለም» አላቸው። እውነት ነው፤ ምንም ሲወጣት የሰማ የለም። አባ ዘለቀም እሺ አሉ። መርዕድ ወደ ሚስቱ ተመልሶ፦ «‹ጫኔ ነው፤ ሲያስጭን አይቻለሁ› በይ። ሌላ አትጨምሪ» አላት።

«እጁን ይቆርጡታል።»

«የእሱን ወይስ የእኔን? ምረጪ።»

አንጓች ተሸፍና ዳሱ ውስጥ ገባች። ፈርታለች፤ ግን ደስም አላት። አያችሁ፣ አደባባይ መቆም የለም። ሰው አያያትም። በስውር ሹክ ብላ እውነቱን ታወጣለች፤ ስሟም አይነሣም። ለእሷ የተሠራ ወግ መሰላት። ተንበረከከችና፦ «አባቴ፣ ባሌ ነው። ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች።

አባ ዘለቀ የለበሱት ካባ አዲስ ነበር። ጠርዙን በጣታቸው ያሻሹ ጀመር።

«በደንብ አየሽ ልጄ?»

«አየሁ አባቴ።»

«በይ ሂጂ።»

ወጣችና ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ትንፋሿ መለስ አለ። ከዚያም አባ ዘለቀ ወጡና መቋሚያቸውን ተከሉ።

«ወፍ ተናግራለች። ጫኔ ነው አለች።»

ሜዳው ተናወጠ። አያ ጫኔ ምንም አልተሟገተም። «ልጄን የቀበርኩበት እጅ ነው፤ ውሰዱት» አለ ብቻ። ሁለት ጎበዞች ክንዱን ግንድ ላይ አጋደሙት። ቢላዋው ድንጋይ ላይ ሲሳል ይሰማል።

አንጓች አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች።

አጠገቧ የተቀመጡት ያቺ ባልቴት፦ «ምን አልሽ ልጄ?» አሏት።

«ወፏ...» አለች።

«ጮክ በይ፣ እኔ ጆሮ የለኝም!»

አንጓች ተነሣች። ነጠላዋ ከራሷ ወረደ። አላነሣችውም። «ወፏ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «እንደዚያ አላልኩም!»

ቢላዋው ቆመ። የሾላ አምባ ሰው ድምፅዋን ገና መስማቱ ነበር። እንደ ባሏ የሚያምር አልነበረም። የተሰነጠቀ ገንቦ ድምፅ ነበር።

«ባሌ ነው ያልኩት። አባ ዘለቀ፣ ይህን ካባ ማን እንዳለበሰዎት እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ገለባውን ሲጠቀጥቁ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብያለሁ። በመስከረም እልል ስትሉ አውቅ ነበር። የዋርካው ሥር ቃልም የእኔ ነው። ያለቀሳችሁበት ቃል ሁሉ የእኔ ነው። ማሩንም አብሬ በልቻለሁ።»

መርዕድ፦ «ረሃብ አሳብዷታል!» አለ።

ሕዝቡም፦ «እንግዲያው አንተ ተናገራ! እንደ ልማድህ ተናገር!» አለው።

መርዕድ ደረቱን ነፋ። እጁን ዘረጋ። አፉን ከፈተ። ከዚያም፣ ልጆቼ፣ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ቃሏን ይጠብቅ ነበር።

ሜዳው ሁሉ አየው። ባልቴቷ፦ «ውይ! ለካ ሲያያት የኖረው ወዷት አይደለም!» አሉ። የሳቀ ሰው ነበር። ወዲያው ግን ሳቁ ሞተ።

አንጓች ቀጥላ፦ «እህሉንም የጫኑት የጓን—» አለች። አልጨረሰችውም። ጓንጉል ከመካከል ዘሎ ተነሥቶ፦ «ሌባ! ሌባ! እጁን ለእኔ ስጡኝ!» ብሎ ጮኸ። አሽከሮቹም ከእሱ ጋር ጮኹ። ከዚያም ሰው ሁሉ ጮኸ። ቅርብ የነበሩት የጓንጉልን ስም ሰምተዋል። ነገር ግን እህል ያለው እሱ ዘንድ ብቻ መሆኑንም ያውቃሉ። ያልሰሙ መሰሉ።

አባ ዘለቀ በሁካታው ተሹለክልከው ጠፉ። መርዕድን ኩታውን ገፈው እጁን ሊቆርጡ ሲሉ አያ ጫኔ፦ «ተዉት፤ እጅ አይበላም» አላቸው። ተዉትና ከከተማዋ አባረሩት። በአጥሩ በር ሲያወጡት ወደ ኋላ ዞሮ፦ «አንጓች፣ ምን ልበላቸው? ንገሪኝ እንጂ!» እያለ ይጮህ ነበር። ያ ድምፅ አሁንም እንደ ነጋሪት ነበር።

ከዚያም ሕዝቡ የመርዕድን ቤት ከፈተ። ብሩ አለ፤ የቀንድ ዋንጫው አለ፤ ምንጣፉ አለ። የሚቀመስ የለም። ተሸክመው ወደ ጓንጉል ሄዱና በማሽላ ለወጡት። የገዛ ማሽላቸው ነበር። ጓንጉልም እየሰፈረላቸው፦ «አይዟችሁ፣ ወገኖቼ» ይላቸው ነበር። መስከረም ሲጠባ ዋርካው ሥር ተነሣና አንዲት የረባ ቃል ሳይናገር ሰው ሁሉ ከጀርባው ቆመ። ሹም ሆነላችሁ! ካልቆሙ ማን ይሰፍርላቸዋል?

አንጓች ግን ሹመቱንም ጩኸቱንም አላየችም። በዚያች በአውጫጭኙ ቀን፣ ሰው ወደ መርዕድ ቤት ሲሮጥ፣ እሷ ወደ አያ ጫኔ ሄደች። ገመዱን ከክንዱ ላይ ፈታችለት። ክንዱ አልተቆረጠም። ጎረቤቶቹ፦ «አመስግናት እንጂ፣ እጅህን ያተረፈችልህ እሷ ናት» አሉት። እሱ ግን ክንዱን እያሻሸ ብዙ አያት።

«ገለባውን መቼ ነው ያየሽው?» አላት።

«ዝናብ ሳይቀር ነው አያ ጫኔ። ካለፈው መስከረም በፊት።»

«እናኑ የሞተችው በሐምሌ ነው» አላት።

ተነሥቶ ወደ ጎጆው ሄደ። አገር ያስለቀሰችው ሴት ለአንድ ሰው የምትለው ቃል አጥታ፣ ገመዱን ይዛ ሜዳው ላይ ቀረች።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ጨርሻለሁ። እኔ ያወቅሁትን ሳልደብቅ አወራሁላችሁ፤ እናንተም ከሌማቱ ያለውን ሳትደብቁ አጉርሱኝ።